የተናገረችው ሌላ፣ የታየው ሌላ

(ስለ ወሲብ ንግድ የሚሠሩ ዘጋቢ ፊልሞችን አስመልክቶ ለጋዜጠኞችና ለፊልም ተማሪዎች የተደረገ ንግግር ሙሉ ቃል)



እዚህ መድረክ ላይ የቆምኩት የፊልም ባለሙያ ስለሆንኩ አይደለም። በዕድሜዬ ካሜራ ይዤ አላውቅም። እኔ አስተርጓሚ ነኝ። በሰው ምላስ እንጀራ የምበላ ሰው ነኝ። ፈረንጁ ይመጣል፣ በቀን ሒሳብ ይቀጥረኛል፣ የእሱን ጥያቄ ወደ አማርኛ፣ የወገኔን መልስ ወደ እንግሊዝኛ እገለብጥለታለሁ። ከዚያ በኋላ እሱ ወደ አገሩ፣ እኔ ወደ ቤቴ። ፊልሙ ምን ይሆናል፣ ማን ያየዋል፣ ምን ያስከትላል ብዬ ብዙ አልጨነቅም ነበር።

ያገራችን ሰው «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ይላል። ዛሬ የማወራችሁ የተናገሩት ሲጠፋ በዓይኔ ስላየሁት ጉዳይ ነው። የባሰው ነገር ደግሞ፣ ካጠፉት ሰዎች አንዱ እኔ ራሴ ነኝ።

ሦስት ሰዓት ተቀርጾ አራት ደቂቃ

ነገሩ የሆነው የዛሬ አሥራ አምስት ዓመት ግድም ነው፤ ቦታው ካዛንቺስ። በ2017 ዓ.ም. አብዛኛው ሰፈር ፈርሶ የለም እንጂ፣ ያኔ እነዚያ በተርታ የተደረደሩ ባለ አንድ በር ክፍሎች ነበሩ። ሦስት ሰዎች ያሉበት የውጭ የፊልም ቡድን መጣ። «ስለ አዲስ አበባ ሴተኛ አዳሪዎች ሐቁን ለዓለም እናሳያለን» አሉኝ። እኔም እሰየው ብዬ ተከተልኳቸው።

አንዲት ሴት ፈቃደኛ ሆና ተገኘች። ስሟን አልጠራም። ሠላሳዎቹን የዘለለች፣ ንግግሯ የረጋ፣ የሰፈሩ ልጆች «እትዬ» የሚሏት ሴት ናት። ክፍሏ ውስጥ አልጋ፣ ሣጥን፣ መጋረጃ፣ ግድግዳው ላይ የማርያም ሥዕል። ቡና አፍልታ ተቀበለችን። ቀረጻው ሦስት ሰዓት ፈጀ።

ምን ምን ተጠየቀች መሰላችሁ? ማን አመጣሽ? ማን ደበደበሽ? የመጀመሪያው ቀን ምን ተሰማሽ? ይህቺን የመጨረሻዋን ጥያቄ ካሜራው ቦታ እየለወጠ ሦስት ጊዜ አስጠየቁኝ። በሦስተኛው ላይ ሴትየዋ ሳቅ ብላ «ወንድሜ፣ ቅድም ነገርኩህ እኮ!» አለችኝ። እኔ አፈርኩ። እነሱ አላፈሩም።

ያልተጠየቀችውን ግን ራሷ አወራች። ከገጠር መጥታ በሰው ቤት ሠራተኛ ሆና ሰባት ወር ደመወዟን እንደተከለከለች ተናገረች። ከዚያ ቡና ቤት ዕቃ አጣቢ፣ ከዚያ ወደዚህ ሥራ። ለአሥራ አራት ሴቶች የዕቁብ ሰብሳቢ እንደሆነች ተናገረች። ታናሽ ወንድሟን በዚሁ ገንዘብ እያስተማረች መሆኑን ተናገረች። ከሁሉ በላይ ደግሞ እንዲህ አለች፦ «እኔ የምፈራው ወንድ አይደለም። ከተደበደብኩ በኋላ ጣቢያ ሄጄ 'ሥራሽ እኮ ነው፣ ሂጂ' መባሉን ነው። ቃላችንን የሚቀበል ጣቢያ ቢኖር ግማሹ ችግር በቀለለ ነበር።»

አያችሁ፣ ይህ ልቅሶ አይደለም፣ አቤቱታ ነው። ስሟ ያልተጻፈበት ማመልከቻ ነው።

ፊልሙ ከወራት በኋላ ወጣ። እሷ ያለችበት ክፍል አራት ደቂቃ ናት። ዕቁቡ የለም። ጣቢያው የለም። ሰባት ወር ደመወዝ የበላው ቤትም የለም። የቀረው ምንድን ነው? ዕንባ! አዎ፣ አልቅሳለች። ግን ያለቀሰችው የእናቷ ቀብር ላይ ሳትደርስ መቅረቷን ስታወራ ነው። በፊልሙ ላይ ያ ዕንባ ስለ ደንበኞቿ ከተጠየቀችው ጥያቄ ቀጥሎ ተለጥፏል። ዕንባው የራሷ ነው፣ ማንም አልፈጠረውም። ቦታውን ግን መቀስ ለወጠው። ሲከሰሱ ደግሞ «ምን ውሸት አለው? አልቅሳለች እኮ» ይሏችኋል!

ፊቷን ሸፍነውላት ነበር። ድምጿን ግን አልሸፈኑም። የማርያምን ሥዕል፣ መጋረጃውን፣ ቀለበቷን አልሸፈኑም። ፊልሙ ኢንተርኔት ላይ ወጣ፣ ከእጅ ወደ እጅ በስልክ ዞረ። ሱቅ ትሠራለች ብሎ የሚያውቀው ወንድሟ ድምጿን ለየ። መምጣቱን አቆመ። የቤቱ አከራይ ደግሞ «ቤቴን ለዓለም አሳየሽብኝ» ብላ አስወጣቻት። ዕቁቡም ተበተነ። ሐቁን ለዓለም እናሳያለን ያሉት ሰዎች ግን አገራቸው ገብተዋል።

የካልካታው ኦስካር

«አንተ ያጋጠመህ አንድ ተራ ቡድን ነው፣ ትላልቆቹ እንዲህ አያደርጉም» የሚል አይጠፋም። እንግዲያው ወደ ትልቁ፣ ኦስካር ወደ ወሰደው እንሂድ።

እ.ኤ.አ. በ2004 «ቦርን ኢንቱ ብሮተልስ» የሚል ፊልም ወጣ፤ በሴተኛ አዳሪዎች ቤት የተወለዱ ማለት ነው። የሠሩት ዛና ብሪስኪና ሮስ ካውፍማን ናቸው። ቦታው ሕንድ፣ ካልካታ፣ ሶናጋቺ የሚባለው ሰፈር። ብሪስኪ ለሴቶቹ ልጆች ካሜራ ሰጥታ ፎቶግራፍ ማንሳት ታስተምራለች፣ ትምህርት ቤት ልታስገባቸውም ትሯሯጣለች። በ2005 በዘጋቢ ፊልም ዘርፍ ኦስካር አገኘ። ፊልሙ ደካማ ነው አልልም። ልጆቹ ያነሷቸው ፎቶዎች ያምራሉ። አንዱ ልጅ አምስተርዳም ድረስ ሄዷል። እኔም ሳየው አንጀቴ ተላውሷል።

ታዲያ ምኑ ላይ ነው ጥፋቱ? በዚያ ፊልም ውስጥ ለልጆቹ የምታስብ አንዲት ሰው ብቻ ናት፣ እሷም ከውጭ የመጣችው። እናቶቹ ሲጮኹ፣ ሲራገሙ፣ ሲጣሉ ነው የምናያቸው። አሁን የሶናጋቺን ሌላ ገጽ ልንገራችሁ።

እ.ኤ.አ. በ1992 ዶክተር ስማራጂት ጃና የሚባል ሐኪም እዚያ ሰፈር የኤድስ መከላከል ሥራ ጀመረ። የጤና አስተማሪ አድርጎ የመረጠው ነርስ ወይም ካድሬ ሳይሆን እዚያው የሚሠሩትን ሴቶች ነው። በ1995 ሴቶቹ ዱርባር የሚባል የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ፤ ትርጉሙ የማይበገር ማለት ነው። ከ60 ሺህ በላይ አባላት እንዳሉት ይነገርለታል። በዚያው ዓመት ኡሻ የተባለ የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር መሠረቱ። ሕጉ ለአባልነት መልካም ሥነ ምግባር ይጠይቅ ስለነበር «የቤት እመቤት ብላችሁ ተመዝገቡ» ተባሉ። እምቢ አሉ! ተሟግተውም በራሳቸው ሥራ ስም ተመዘገቡ። ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጃገረዶች ወደ ንግዱ እንዳይገቡ የሚቆጣጠር ቦርድም ራሳቸው አቋቁመዋል።

ይህ ሁሉ ፊልሙ ሲቀረጽ እዚያው ሰፈር፣ እዚያው ጎዳና ላይ ነበር። ፊልሙ ውስጥ ግን ዱርባር የለም። ለምን ይመስላችኋል? አዳኝ የሚያስፈልገው አዳኝ በሌለበት ነዋ! ሴቶቹ ራሳቸው ተደራጅተው ሲታገሉ ከታዩ፣ ባለ ካሜራዋ ጀግና መሆኗ ይቀራል።

ደግሞ ስሙ፤ ተቃውሞ ካሰሙት አንዱ ማን መሰላችሁ? ፓርታ ባነርጂ፣ ለፊልሙ በአስተርጓሚነት የሠራው ሰው! ኦስካር ለሚሰጠው አካዳሚ ደብዳቤ ጽፎ፣ የአንዳንዶቹ ልጆች ኑሮ ከቀድሞው እንደባሰ ተናገረ። ፊልም ሠሪዎቹ በበኩላቸው ልጆቹን ትምህርት ቤት ማስገባታቸውን ይናገራሉ። በዚያ ክርክር መሃል ገብቼ ዳኛ አልሆንም። የእኔን ልብ የነካው አስተርጓሚው አፉን መክፈቱ ነው። እኔ ያኔ ዝም ብዬ አበሌን ነበር የቆጠርኩት።

ስለዚያው ሰፈር ሾሂኒ ጎሽ የተባለች ሕንዳዊት በ2002 ሌላ ፊልም ሠርታለች፤ «ቴልስ ኦቭ ዘ ናይት ፌሪስ» ይባላል። እዚያ ውስጥ ሴቶቹ ስለ ማኅበራቸው፣ ስለ ትግላቸው፣ ስለ ራሳቸው ራሳቸው ይናገራሉ። ኦስካሩን ያገኘው የትኛው ነው? መልሱን ታውቁታላችሁ።

ወዲያ ያጋደለም አለ

እንዲህ ስል «ይሄ ሰው ንግዱን ሊያሞግስ ነው የመጣው» የሚል ይኖራል። የለም፣ የለም! ሚዛን ወዲህ እንደሚያጋድል ሁሉ ወዲያም ያጋድላል።

በአሜሪካ ኔቫዳ ግዛት አንዳንድ አውራጃዎች ውስጥ ሴተኛ አዳሪ ቤት በፈቃድ ይሠራል። ኤች.ቢ.ኦ. የተባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ ከ2002 ጀምሮ «ካትሃውስ» በሚል ርዕስ አንዱን ቤት እየቀረጸ አሳየ። የቤቱ ባለቤት ዴኒስ ሆፍ ይባል ነበር። ያ ፕሮግራም ሳቅ፣ ጨዋታ፣ ደስታ ብቻ ነው። ካሜራው የገባው በባለቤቱ በር፣ የተቀመጠው በባለቤቱ ሳሎን ነው። አሠሪዋ ከካሜራው ጀርባ ቆሞ እያየ የትኛዋ ሴት ናት ቅሬታዋን የምትናገር? ሆፍ በ2018 ለግዛቲቱ ምክር ቤት ተወዳድሮ ከምርጫው ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ ሞተ፤ ሞቶም አሸነፈ። ማስታወቂያ ይህን ያህል ኃይል አለው!

አንዱ ፊልም ዕንባ ብቻ፣ ሌላው ሳቅ ብቻ። ሁለቱም ውስጥ የቤት ኪራይ የለም፣ ዕቁብ የለም፣ የፖሊስ ጣቢያ የለም።

መንገዱ መጨረሻው የት እንደሆነ ደግሞ ጀርመኖቹ አሳይተውናል። «ሎቭሞቢል» የሚል ዘጋቢ ፊልም በገጠር መንገድ ዳር ቆመው በሚያድሩ መኪኖች ውስጥ ስለሚሠሩ ስደተኛ ሴቶች ተሠራ። የ2020ውን የጀርመን የዘጋቢ ፊልም ሽልማት ወሰደ። በመጋቢት 2021 እ.ኤ.አ. ያው በገንዘብ የደገፈው የሕዝብ ጣቢያ ኤን.ዲ.አር. ጉዱን አወጣው። ዋናዎቹ «ሴተኛ አዳሪዎች» ተዋንያን ነበሩ! ዳይሬክተሯ ኤልከ ሌረንክራውስ ሽልማቱን መለሰች።

እኔን የገረመኝ ማታለሏ አይደለም። ያ ሁሉ ዳኛ፣ ያ ሁሉ ሐያሲ፣ ያ ሁሉ ተመልካች አለመጠርጠሩ ነው። ለምን አልጠረጠረም? ተዋንያኑ የተናገሩት፣ ተመልካቹ ሴተኛ አዳሪ ትናገረዋለች ብሎ አስቀድሞ የጠበቀውን ስለነበረ ነው። አንዴ እንዲህ ከተለመደ፣ እውነተኛዋ ሴት ትርፍ ናት። እንዲያውም እውነተኛዋ ታስቸግራለች። «ቅድም ነገርኩህ እኮ» ትላለች።

«መከራው ውሸት ነው ወይ?»

ይህን ጥያቄ ብዙ ሰው አንስቶብኛል። መልሴ አጭር ነው፤ እውነት ነው። ለአካለ መጠን ያልደረሰች ልጅን ለዚህ ንግድ የሚያቀርብ ወንጀለኛ ነው። ስለ እሱ ሚዛን፣ ሁለት ወገን፣ ምናምን አይባልም። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 634 በሌላ ሰው ገላ የሚነግደውን ይቀጣል፤ ሴቶችንና ልጆችን የሚያዘዋውረውንም ሕግ ይቀጣዋል። ሴቲቱን ራሷን ግን ወንጀለኛ አይላትም። ሕጉ የለየውን ነገር ካሜራው ለምን ይቀላቅለዋል?

ነገሩ ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ፊልም ካየ በኋላ ባለሥልጣን ይወስናል፣ ለጋሽ ገንዘቡን ይመድባል፣ ፖሊስ ይሰማራል። ዕንባ ብቻ ያየ «አፍሱና አድኗቸው» ይላል፤ ከታፈሱ በኋላ የት እንደሚያድሩ የሚጠይቅ የለም። ሳቅ ብቻ ያየ ደግሞ «ተመችቷቸዋል፣ ተዋቸው» ይላል። ጣቢያ ሄዳ ቃሏን የሚቀበል ያጣችው ሴት በሁለቱም ውሳኔ ውስጥ የለችም።

የእሷ ጥያቄ የማይሆን ሕልም እንዳልሆነ እዚያው ሕንድ አይተናል። በ1999 አንዲት ሴት ካልካታ ውስጥ ተደብድባ ተገደለች። በዚያ የግድያ ክስ ምክንያት የተከፈተው ጉዳይ ዓመታት ፈጅቶ፣ በግንቦት 2022 እ.ኤ.አ. የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት መመሪያ ሰጠ። ጥቃት ደርሶብኛል ብላ የምትመጣ የወሲብ ሠራተኛ እንደማንኛውም ዜጋ አቤቱታዋ ይሰማ፣ ፖሊስ በክብር ያስተናግዳት፣ መገናኛ ብዙኃንም በአፈሳም ሆነ በማዳን ጊዜ የሴቶቹን ማንነት እንዳይገልጡ አለ። ካዛንቺስ ውስጥ ቡና እያፈላች የተናገረችው ማለት ነው! እኛ ቆርጠን የጣልነውን እነሱ መመሪያ አደረጉት።

ፈረንጁን ብቻ አንውቀስ

አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን። ዛሬ ካሜራ ለመያዝ ፈረንጅ መሆን አያስፈልግም። ስልክ ያለው ሁሉ ማታ መኪና ውስጥ ተደብቆ መንገድ ዳር የቆሙትን ሴቶች ይቀርጻል፣ «የአዲስ አበባ የሌሊት ገመና» ብሎ ዩቲዩብ ላይ ይለጥፋል። ሴቶቹ ፊታቸውን በነጠላ ሲሸፍኑ «አያችሁ፣ አፍረው ነው» ይላል። መኪና አቁሞ የሚደራደረው ወንድዬ ግን አይታይም! ለመሆኑ ይህ ንግድ ሻጭ ብቻ ነው ያለው? ገዢው የት ሄደ? በስንት ፊልም ላይ ነው «አንተስ፣ መጀመሪያ ቀን ምን ተሰማህ?» ተብሎ የተጠየቀ ወንድ ያያችሁት?

መስማት የሚያውቅ ሰው በአገራችን ጠፍቶ አይደለም። ላቀች ድራሴ ስለ አዲስ አበባ የወሲብ ንግድ ያጠናችውን በ1991 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አውጥታለች። ቤተልሔም ተኮላ ደግሞ በ2005 እ.ኤ.አ. ድህነትንና የሴቶቹን ማኅበራዊ ኑሮ አጥንታ አሳትማለች። ሁለቱም ሴቶች፣ ሁለቱም የአገሩን ቋንቋ አዋቂ። ሴቶቹን እንደ ሰው፣ ዘመድ እንዳለው፣ ወዳጅ እንዳለው፣ ሒሳብ እንደሚያሰላ ሰው ነው ያዩዋቸው። ማነው ግን ፊልም ከመቅረጹ በፊት እነዚህን መጻሕፍት የሚያገላብጥ?

እናንተ ወጣቶች ነገ ካሜራ ትይዛላችሁ። ከእኔ ከጥፋተኛው አራት ነገር ያዙ። አንደኛ፣ ምን ደረሰብሽ ብላችሁ እንደጠየቃችሁ ሁሉ ምን ትፈልጊያለሽ ብላችሁ ጠይቁ። ሁለተኛ፣ ዕንባን ከፈሰሰበት ቦታ አታንሱ። ሦስተኛ፣ ፊት ስትሸፍኑ ድምፁንም፣ ግድግዳውንም፣ ቀለበቱንም ሸፍኑ። አራተኛ፣ ሳይወጣ በፊት ለራሷ አሳዩዋት፤ አውጡልኝ ካለች አውጡላት።

ይህቺ አራተኛዋ የእኔ አይደለችም።

ፊልሙ ከወጣ ከሁለት ዓመት በኋላ ሴትየዋን ፈልጌ አገኘኋት። ሌላ ሰፈር፣ ከበፊቱ በጠበበ ክፍል ውስጥ። ይቅርታ ልጠይቃት ነበር የሄድኩት። ሳትቆጣ አስገባችኝ፣ አስቀመጠችኝ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፦ «ያን ቀን ስትወጡ 'ለሰው ከማሳየታችሁ በፊት ለኔ አሳዩኝ በላቸው' ብዬህ ነበር። ነግረሃቸው ነበር?»

አልነገርኳቸውም ነበር። መሽቶ ነበር፣ ዕቃ እየጫኑ ነበር፣ ይቸኩሉ ነበር። ትንሽ ነገር መስላኝ ዋጥኳት። ዳይሬክተሩ ሳይቆርጥ፣ መቀስ ሳይነካው፣ የመጀመሪያውን ቃል ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

«አልነገርኳቸውም» አልኳት።

«እንግዲያው አሁን ንገራቸው» አለችኝ።

ይኸው ነገርኳችሁ።